ለሴቶች የተለየ ስፍራና የነጋዴው ኃላፊነት

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚያልፈው ዋና ጎዳና ላይ፣ ወደ ቻግኒና ወደ መተከል የሚገነጠለው መንገድ ከሚነሣበት ስፍራ የተቆረቆረችው ቆሰበር፣ በመዝገብ ስሟ እንጅባራ የምትባለው የአዊ ዞን ርእሰ ከተማ፣ ንግዷ ምን ያህል በሴቶች ትከሻ ላይ እንደ ተመሠረተ ለመረዳት የሚሻ ሰው አንድ የገበያ ቀን ከጧት እስከ ማታ ቢመለከት ይበቃዋል። ድንቹንና ገብሱን፣ ቅቤውንና በርበሬውን፣ አረቄውንና እንቁላሉን ይዘው የሚወጡትና በችርቻሮ የሚሸጡት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ከቆላው የሚወጣውን ሰሊጥና እህል በየመጋዘኑ የሚያበጥሩትና የሚለቅሙትም ሴቶች ናቸው። በየምግብ ቤቱ ወጡን የሚሠሩት፣ እንግዳውንም የሚያስተናግዱት እነርሱው ናቸው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ፣ ስለ ሴቶች መብት በነጋዴዎች መካከል ነገር ሲነሣ፣ ጉዳዩ የዳኞችና የጉባኤ ተናጋሪዎች እንጂ የሱቅና የመጋዘን አይመስልም። ዳሩ ግን ሕጉ ከሁሉ ይልቅ የሚነካው ሠራተኛ የሚቀጠርበትን፣ ውል የሚፈረምበትንና እንግዳ የሚያድርበትን ቤት ነው። የዚህም ቤት ባለቤት ነጋዴው ነው።

በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ የሚሰሙት ጥያቄዎች ሁለት ሲሆኑ፣ አንዱ ከሌላው ጋር ይቃረናል። የመጀመሪያው፣ «ሕጉ ወንድና ሴት እኩል ናቸው ካለ፣ ለሴቶች ብቻ የተለየ መጸዳጃ፣ ለሴቶች ብቻ የተለየ መኝታ፣ የሴቶች ባንክና የሴቶች ዕቁብ የሚባል ነገር ስለ ምን ይኖራል? ይህ ራሱ ልዩነት ማድረግ አይደለምን?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ «መለየት የተፈቀደ ከሆነማ፣ ሴቶቹን በጓዳ በኩል አስቀምጦ ሒሳቡንና ውሉን ወንዶች ቢይዙት ምን ያስነቅፋል?» የሚል ነው። ሁለቱም ጠያቂዎች የሚስቱት በአንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ክፍሉ መለየቱን ብቻ አይተው፣ ክፍሉ ስለ ምን እንደ ተለየ አለመጠየቃቸው ነው። መለየቱ ሴቲቱን ወደ ሥራውና ወደ ገበያው የሚያስገባት እንደ ሆነ የእኩልነት መሣሪያ ይሆናል፤ ከሥራው፣ ከወሬውና ከትርፉ ደጅ የሚያስቀራት እንደ ሆነ ግን፣ ክፍሉ ምንጣፍ የተነጠፈበት እንኳ ቢሆን፣ በደል ነው።

የአገራችን ሕግ ሁለቱንም ነገር አጣምሮ ይዟል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውንና በጾታ ምክንያት ልዩነት ሊደረግባቸው እንደማይገባ ይደነግጋል። በአንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች ከቀድሞ ዘመን ወርሰው ከመጡት የበታችነት ጉዳት የተነሣ በልዩ የድጋፍ እርምጃ ይጠቀሙ ዘንድ መብት ይሰጣል፤ የእርምጃውም ዓላማ በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋም ከወንዶች ጋር እኩል ተወዳዳሪ እንዲሆኑ መሆኑን ይገልጻል። ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደር፣ የመቆጣጠር፣ የመጠቀምና የማስተላለፍ መብታቸውም በዚሁ አንቀጽ ተጽፏል። ቀደም ሲልም ኢትዮጵያ በሥራና በሙያ ልዩነት ማድረግን የሚከለክለውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 111 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1966፣ በሴቶች ላይ የሚደረገውን ልዩነት ሁሉ ለማስወገድ የተደረገውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ደግሞ በ1981 ተቀብላ አጽድቃለች። እንግዲህ አንቀጽ 25 በር እንዳይዘጋ ይከለክላል፤ አንቀጽ 35 ደግሞ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የቆየው በር እንዲከፈት የተለየ ቁልፍ መሥራትን ይፈቅዳል።

በሩ የሚዘጋው ሁልጊዜ በመቀርቀሪያ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ በጨዋነት ይዘጋል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በለንደን ከተማ፣ ፍሊት ስትሪት በሚባለው የጋዜጠኞች ጎዳና ላይ በነበረው ኤል ቪኖ በሚባል የወይን ጠጅ ቤት የደረሰው ነው። በዚያ ቤት ወንዶች ከባንኮኒው ፊት ቆመው ይጠጣሉ፤ ሴቶች ግን ወደ ኋላ ክፍል ሄደው ከጠረጴዛ ካልተቀመጡ በቀር አይቀዳላቸውም ነበር። ቴስ ጊል የምትባል የሕግ ባለሙያና አና ኩት የምትባል ጋዜጠኛ ከባንኮኒው ፊት ቆመው ሁለት ብርጭቆ ወይን ጠጅ አዘዙ፤ ተከለከሉም። ጠጁ አንድ ዓይነት ነው፤ ሴቶቹም ቢቀመጡ ኖሮ ይቀዳላቸው ነበር። ነገር ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1982 ባለቤቱን ጥፋተኛ አደረገ። ዳኞቹ ቤቱ ጋዜጠኞች ተሰብስበው የዕለቱን ወሬ የሚለዋወጡበት መሆኑን አስተውለዋልና፣ ከባንኮኒው የራቀ ሰው የሚቀርበት ነገር ከብርጭቆው በላይ መሆኑን አላጡትም።

የአገራችን ነጋዴ ይህን ነገር ለመረዳት ለንደን መሄድ አያስፈልገውም። የእህሉ ዋጋ የሚቆረጠው፣ የጭነት መኪና የሚገኘው፣ ማን ዱቤ እንደሚከፍልና ማን እንደማይከፍል የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ በቢሮ ሳይሆን በሻይ ቤትና በሥጋ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። አንዲት ሴት ነጋዴ ከዚያ ጠረጴዛ ብትቀመጥ ስሟ የሚነሣበት፣ ባትቀመጥ ደግሞ ዋጋው የሚያመልጣት ከሆነ፣ ፈቃዷ ከሌላው ነጋዴ ፈቃድ ጋር በአንድ ማኅተም የታተመ መሆኑ ብቻውን ብዙ አይጠቅማትም።

በአሜሪካ የደረሰው ጉዳይ ደግሞ የንግድ ምክር ቤቶችን ይበልጥ በቅርብ ይነካል። ጄይሲስ የሚባለው፣ ቀድሞ የወጣቶች የንግድ ምክር ቤት ይባል የነበረው ማኅበር፣ ሙሉ አባልነትን ከ18 እስከ 35 ዓመት ዕድሜ ላላቸው ወንዶች ብቻ ለይቶ ነበር። ሴቶች ተባባሪ አባል ሆነው መዋጮ ይከፍላሉ፤ ነገር ግን ድምፅ አይሰጡም፤ ለሹመትም አይመረጡም። በሚኒሶታ ክፍለ ሀገር የሚገኙት የሚኒያፖሊስና የሴንት ፖል ቅርንጫፎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974ና በ1975 ሴቶችን በሙሉ አባልነት ቢቀበሉ፣ ዋናው ማኅበር ቅጣት ጣለባቸው። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1984 ውሳኔ አገኘ፤ ፍርድ ቤቱም ማኅበሩ ለሥራ የሚጠቅም ትውውቅና የአመራር ልምድ የሚገኝበት መሆኑን ተመልክቶ፣ ክፍለ ሀገሩ ሴቶች እንዲገቡ ማስገደድ ይችላል ሲል ፈረደ። የለንደን የአክሲዮን ገበያም ሴቶችን በአባልነት መቀበል የጀመረው በ1973 ብቻ ነው። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር፣ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር የመጀመሪያዋ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን መሆናቸው፣ የኢትዮጵያ ንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤትንም ወይዘሮ ሙሉ ሰሎሞን በፕሬዚዳንትነት መምራታቸው የሚያኮራ ነው። ነገር ግን በላይ የተከፈተው በር በታች ያለውን የወረዳ ገበያ በር በራሱ ጊዜ አይከፍተውም።

በአገራችን በሕግ ተዘግቶ የቆየው ዋና በር የውል በር ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ያገባ ሰው እንዳላገባ ሰው ሆኖ ለመነገድ እንደሚችል ይፈቅድ ነበር፤ በወረቀት ላይ ሚስትም ባልም በዚህ እኩል ነበሩ። በዚያው ዓመት የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ባልን የቤተሰቡ አለቃ፣ የጋራውም ሀብት አስተዳዳሪ አድርጎ፣ ሚስት እንድትታዘዘው ያዝዝ ነበር። እንግዲህ አንዲት ያገባች ሴት ሱቅ መክፈት ትችል ነበር፤ የጋራ የሆነውን ቤት ለብድር መያዣ አድርጎ መነጋገር ግን የባሏ ሥራ ነበር። ይህ የተለወጠው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. በወጣው የክልሉ የቤተሰብ ሕግ ነው። ባልና ሚስት ዛሬ በጋራ ሀብታቸው አስተዳደር እኩል ናቸው።

ይህ ለውጥ ለሴቶች ብቻ የተደረገ ውለታ መስሎ የሚታያቸው ነጋዴዎች አሉ፤ ነገር ግን የሚነካው የእነርሱን ደረሰኝ ጭምር ነው። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ መሠረት የጋራ የሆነውን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ ለማከራየት ወይም በመያዣ ለመስጠት፣ እንዲሁም ከ500 ብር በላይ ለመበደር፣ ለማበደር ወይም ዋስ ለመሆን የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። (በዛሬ ዋጋ 500 ብር የአንድ ኩንታል ጤፍ ሩቡን እንኳ ስለማይገዛ፣ ሕጉ በቃሉ ከተነበበ የዱቤ ንግድ ሁሉ ሁለት ፊርማ ይፈልጋል ማለት ነው።) ያልፈረመው ተጋቢ ነገሩን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ግን ውሉ ከተደረገ እስከ 2 ዓመት ድረስ፣ ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤትን ለመጠየቅ ይችላል። ስለዚህ መጋዘን የሚገዛ ወይም ዋስትና የሚቀበል ነጋዴ ሚስቲቱን በጓዳ አስቀምጦ ከባል ጋር ብቻ ቢጨርስ፣ የገዛው መጋዘን ሳይሆን ክርክር ነው። በሌላም በኩል በ2011 ዓ.ም. የወጣው በተንቀሳቃሽ ንብረት ስለሚሰጥ የመያዣ መብት የተደነገገው አዋጅ ቁጥር 1147 ከብትን፣ ምርትንና የሱቅ ዕቃን ለብድር መያዣ ለማድረግ አስችሏልና፣ ቤት በስሟ የሌላት ሴት ነጋዴ ካላት ሸቀጥ ተነሥታ የምትበደርበት መንገድ አለ።

እስከዚህ የተነገረው መከፈት ስለሚገባው በር ነው። መዘጋት የሚገባው በርም አለ። ገላ የሚገለጥበት፣ እንቅልፍ የሚተኛበት፣ ከዱላ የሸሸ ሰው የሚሸሸግበት ስፍራ ሁሉ ከዚህ ይቆጠራል። በየባንኩ ደጃፍ ሴቶችን ሴት ጥበቃ ስትፈትሽ ማንም «ልዩነት ተደረገ» ብሎ አይከስም፤ በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የሴት ተማሪዎች ማደሪያ መለየቱንም የሚነቅፍ አባት የለም፤ እንዲያውም ባይለይ ኖሮ ስንቱ አባት ልጁን ይልክ ነበር? እቴጌ መነን በስማቸው የሚጠራውን የሴቶች ትምህርት ቤት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1931 ሲከፍቱ የሆነው ይኸው ነው፤ የተለየው ክፍል የትምህርትን በር ከፈተ እንጂ አልዘጋም። በአዲስ አበባም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 የተቋቋመው የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር፣ ጥቃት ደርሶባቸው ከቤታቸው የወጡ ሴቶችንና ልጃገረዶችን ለብቻ ተቀብሎ ያስጠጋል። እንዲህ ያለው ቤት ለሁሉ ክፍት ይሁን ቢባል፣ መጀመሪያ የሚያንኳኳው ያሳደዳት ሰው ነው።

ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ዓይነት በር ደግሞ አለ፤ የሴቶች ስም ተጽፎበት ለሁሉም የሚከፈት ነው። እናት ባንክ በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሴቶችን የብድር ችግር ለማቃለል በሴቶች ቀዳሚነት ተመሥርቶ ነው፤ ከመሥራቾቹም አንዷ፣ በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው። ነገር ግን ወንድ ደንበኛ ከመስኮቱ አይመለስም። በኒው ዮርክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1975 የተከፈተው የመጀመሪያው የሴቶች ባንክም ወንዶችን ያስተናግድ ነበር። ገበያን ለግማሹ ሕዝብ ብቻ ለይቶ ባንክ ማቆም ትርፍ የለውምና፣ ይህ የሕግ ብቻ ሳይሆን የሒሳብም ነገር ነው። የሴቶች ዕቁብ ከዚህ ይለያል፤ እርሱ በሚተማመኑ ሰዎች መካከል የሚደረግ የግል ማኅበር ስለሆነ ማንን እንደሚያስገባ ራሱ ያውቃል። የወንዶች ዕቁብም እንደዚሁ ነው። ሆኖም የሱቅ ቦታ ወይም የመጋዘን ኪራይ የሚከፋፈለው በአንድ የወንዶች ዕቁብ ውስጥ በሹክሹክታ እንደ ሆነ፣ ማኅበሩ ዕቁብ መሆኑ ቀርቶ እንደ ጄይሲስ ይቆጠራል።

በጣና ላይ ስለሚገኙት ገዳማትም የሚጠይቅ አይጠፋም። በክብራን ገብርኤልና በዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች አይገቡም፤ ጎብኝ የሚያጓጉዙት የባሕር ዳር ባለ ጀልባዎችም ይህን አስቀድመው ለእንግዳው ይነግራሉ። ይህ የሃይማኖት ሥርዐት ነው፤ ሕገ መንግሥቱም መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ይከለክላል። ሱቅና መጋዘን ግን ገዳም ባለመሆኑ ከዚህ ማስረጃ ሊቆጥር የሚነሣ ነጋዴ መንገዱን ስቷል።

በብሪታንያ በ2010 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የእኩልነት ሕግ፣ በቂ ምክንያት ካለና መለየቱ ከምክንያቱ ጋር የተመጣጠነ ከሆነ፣ ለአንድ ጾታ ብቻ የተለየ አገልግሎት መስጠትን ይፈቅዳል። በዚያ አገር «ሴት» ሲባል በሕጉ ማን ማለት ነው የሚል ክርክር ተነሥቶ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ቃሉ በዚህ ሕግ ውስጥ በተፈጥሮ የሆነውን ጾታ እንደሚያመለክት ወስኗል፤ ጾታቸውን የለወጡ ሰዎችም በዚያው ሕግ ከልዩነትና ከወከባ የሚጠበቁ መሆናቸውን በውሳኔው ላይ አክሏል። ክርክሩ በዚያ አገር ገና አልበረደም። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ግን፣ በዚያ ያሉ ባለ ሱቆችና ባለ ሆቴሎች የትኛው ክፍል ለማን እንደ ተለየና ስለ ምን እንደ ተለየ ለማስረዳት መገደዳቸው ነው።

ወደ ቆሰበር እንመለስ። አንዲት የድንች ነጋዴ ትታሰብ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥታ ጆንያዋን አስጭና ገበያ ትደርሳለች። የደጋው ብርድ እንደሚታወቀው ነው። በአካባቢው በር ያለው መጸዳጃ የለም እንበል፤ ወይም አንድ ብቻ አለና መቀርቀሪያው ተነቅሎ ወንዶቹ ከፊቱ ተሰልፈውበታል። ሴቲቱ ውሃ ሳትጠጣ ትውላለች፤ ስድስት ሰዓት ሲሆን መታገሥ ያቅታታል። ትልልቆቹ ገዢዎች ከነመኪናቸው የሚደርሱት ገና ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደ ሆነ፣ እርሷ የቀረውን ድንች አጠገቧ ለቆመው ደላላ በወረደ ዋጋ ጥላ ትሄዳለች። በዚያ ቀን ያጣችው ገንዘብ በየትኛውም ሒሳብ ላይ «የመጸዳጃ ወጪ» ተብሎ አይጻፍም፤ ነገር ግን ሌላ ስም የለውም። ሦስትና አራት ጊዜ እንደዚህ ከሆነባት ወደ ሌላ ገበያ ትሄዳለች፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚጎዳው የሚጭነው ያጣ ጅምላ ሻጭ ነው።

በመጋዘንም ነገሩ ያው ነው። ሰሊጥ የሚለቅሙ ሠላሳና አርባ ሴቶች ባሉበት ግቢ አንድ መጸዳጃ፣ እርሱም የሾፌሮችና የጫኞች ሆኖ ከተገኘ፣ ሴቶቹ በወር የተወሰኑ ቀናት ከሥራ ይቀራሉ። የቀን ሠራተኛ መዝገብ የሚይዝ ጸሐፊ «ቀረች» ብሎ ይጽፋል፤ ስለ ምን እንደ ቀረች የሚጻፍበት ዐምድ ግን በመዝገቡ ላይ የለም። የኤክስፖርት ዕቃ በቀኑ ካልደረሰ ቅጣት አለውና፣ ባለ መጋዘኑ ሠራተኛ ጠፋ እያለ ሲያማርር፣ ሠራተኛው የጠፋው በእርሱው ግቢ ማእዘን ላይ ሊሆን ይችላል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 በዚህ ላይ ለአሠሪው ብዙ ነገር ይነግረዋል። ሴቶች በሥራ ሁኔታ በጾታቸው ምክንያት ልዩነት እንዳይደረግባቸው ይከለክላል፤ በቅጥር ወይም በዕድገት ውድድር ከወንድ ጋር እኩል ውጤት ያገኙ እንደ ሆነ ቅድሚያ ለሴቲቱ እንዲሰጥ ያዛል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እንዳትሠራ ይደነግጋል፤ ለወሊድም ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀናት ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። በሥራ ቦታ የሚደረግ ጾታዊ ትንኮሳንም ይከለክላል፤ አሠሪው ወይም የሥራ ኃላፊው ያደረገው እንደ ሆነ ሠራተኛዋ ማስጠንቀቂያ ሳትሰጥ ሥራዋን ልትለቅ መብት አላት። «የሴት መጸዳጃ ስለሌለን ወንድ ብቻ እንቀጥራለን» የሚል አሠሪ አልፎ አልፎ ይሰማል። ይህ ሰው የራሱን ጉድለት የሴቲቱ ጥፋት አድርጎ መናገሩ ነው፤ በዳኛ ፊት የሚቆም ምክንያትም አይመስልም።

የተለየው ክፍል ከተሠራ በኋላም የሚደርስበት ነገር ይታወቃል። በመጀመሪያው ወር ንጹሕ ነው። በሁለተኛው ወር ባዶ ጆንያ ይከማችበታል። በሦስተኛው ወር ይቆለፍና ቁልፉ ከባለቤቱ ኪስ ይገባል፤ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ይከፈታል። ያን ጊዜ በበሩ ላይ «የሴቶች» የሚል ጽሑፍ መኖሩ ለተቆጣጣሪ ዐይን ካልሆነ በቀር ለማንም አይጠቅምም። የሚያስፈልገው ነገር ጥቂት ነው፤ ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ ከወንዶቹ ራቅ ብሎ በሰው ዐይን ፊት የሆነ መግቢያ፣ የማታ መብራት፣ ውሃ፣ ክዳን ያለው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ። የሚያጠቡ እናቶች ላሉበት መጋዘን ደግሞ አንድ አግዳሚ ወንበርና መጋረጃ ቢጨመር ከአንድ ጭነት ማዳበሪያ ማራገፊያ ዋጋ የሚበልጥ ወጪ አይደለም።

ስለ አልጋ ቤቶችም አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ከዳንግላ ወይም ከቻግኒ ዕቃ ይዛ የመጣች ሴት መሽቶባት አልጋ ስትጠይቅ፣ ብቻዋን ስለሆነች «አልጋ የለም» ትባላለች፤ ከኋላዋ የመጣው ወንድ ግን ቁልፍ ይቀበላል። ባለ አልጋው ይህን የሚያደርገው የቤቱን ስም ለመጠበቅ ይመስለዋል። በእውነት ግን ሕጉ የሚከለክለውን በር ዘግቶ፣ ሕጉ የሚፈቅደውን በር ሳይሠራው ቀርቷል። ሊሠራው የሚችለው፣ ከጥበቃው ክፍል አጠገብ ያሉትን ሁለት ወይም ሦስት ክፍሎች መቀርቀሪያቸውን አጽንቶ ለብቻቸው ለሚጓዙ ሴቶች መለየት ነው፤ ዋጋው ከሌላው እኩል፣ ሌላውም አልጋ ለፈለገችው ሴት ክፍት ሆኖ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በሚያከብረው በዓል ከተማይቱ በእንግዳ ስትሞላ፣ ከእንግዶቹ ጋር ጠላና ምግብ፣ ጥልፍና ጌጣጌጥ ሊሸጡ የሚመጡ ሴቶች አሉና፣ እነዚህ ክፍሎች በዚያ ሳምንት አንድ ሌሊት እንኳ ባዶ አያድሩም።

የኪራይ ውል የሚዋዋሉ ባለ መጋዘኖችና ተከራዮች ነገሩን ከመጀመሪያው ቢጽፉት ኋላ ከመጨቃጨቅ ይድናሉ። በውሉ ላይ ብዙውን ጊዜ የጣራው ጥገና፣ የመብራቱ ሒሳብና የጥበቃው ደመወዝ የማን እንደ ሆነ ይጻፋል። ከእነዚህ ቀጥሎ ሦስት መስመር ይጨመር፤ በግቢው የሴቶች መጸዳጃ መኖሩ፣ ጽዳቱና ውሃው በማን ወጪ እንደ ሆነ፣ ክፍሉም ለዕቃ ማከማቻ እንደማይውል። ቁልፉ ሁለት ይሁን፤ አንደኛው ከጥበቃው ዘንድ፣ ሁለተኛው ሠራተኞቹ ራሳቸው ከመረጧት ሴት ዘንድ።